ስምን በሕግ ስለ መለወጥ



«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። በጀርመን አገርም ሰው የተጸውዖ ስሙን እንዳሻው አይለውጥም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ስም የሚለወጠው ብርቱ ምክንያት ሲኖር መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህም ድንጋጌ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ነገር ግን ይህንኑ ሕግ ለማስፈጸም በዚያው ዓመት የወጣ ደንብ ግፍ ፈጸመ። ስማቸው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ዝርዝር ውስጥ ያልተገኘ የጀርመን አይሁድ ከ1939 መባቻ ጀምሮ ወንዱ «እስራኤል»፥ ሴቲቱ «ሣራ» የሚል ስም እንዲጨምሩ ታዘዙ፤ እንቢ ያለም በእሥራት ይቀጣ ነበር። የከበረው የአበው ስም የማግለያ ምልክት ሆነ። ይህ ደንብ ከጦርነቱ በኋላ ተሽሯል።

ዛሬ ደግሞ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ወደ ጀርመን ለሚመለሱ የጀርመን ተወላጆች ሕጉ ሌላ በር ከፍቶላቸዋል። የብዙዎቹ አያቶች ንግሥት ካትሪን በ1763 ባወጣችው ጥሪ ወደ ሩሲያ የሄዱ ናቸው። «ኢቫን» ሲባል የኖረው «ዮሐን» መባልን ቢወድ ፈቃዱን ለባለሥልጣን ማስታወቅ ይበቃዋል፤ ባይወድም ኢቫን እንደ ተባለ ይኖራል።

በ1938 ሰው ስሙን ታዘዘ፤ ዛሬ ይጠየቃል። መዝገብ የሚይዝ ሁሉ ይህን ያስተውል።