ደብተሩ ከባለ ሱቁ ሳይወጣ

በካፋ ዞን ቢታ ገነት ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ እንደ ሌላው የአገራችን ባለ ሱቅ ሁሉ፣ ሁለት ነገር ከእጁ አይለይም፤ ሚዛንና የዱቤ ደብተር። ደብተሩ ማን ምን እንደወሰደ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ስንት እንደቀረበት ይናገራል። ባለ ሱቁ ቤት ቢቀይር ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ቀላልና ክፍት የኢንተርኔት ሱቅ የዚያ ደብተር ልጅ ነው።

ለካፋ ምን ይረባል? የዞኑ ከተማ ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ቢታ ደግሞ ከቦንጋም ያልፋል። የጫካው ማር፣ ቡናው፣ ኮረሪማውና ጥምዙ ብዙ ፈላጊ ያላቸው ግን ሩቅ ከተማ ነው። ዛሬ ትንሹ ነጋዴ ይህን ርቀት የሚሻገረው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። ፎቶ ይለጥፋል፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል፣ ከዚያ ለአንድ ጥያቄ ሃያ ጊዜ ሲመልስ ይውላል። ትእዛዙ ከመልእክቱ ክምር ሥር ይቀበራል፤ ስንት ኪሎ እንደቀረ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ «ክፍት ምንጭ» የሚለውን እንፍታ። ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊጠቀምበት፣ ሊለውጠውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችለው ሶፍትዌር ማለት ነው። በካፋ ጫካ ዛፍ ላይ የሚሰቀለውን ቀፎ አስቡት። አሠራሩን አይቶ የተማረ ሰው የራሱን ለመሥራት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ማሩ ግን የቀፎው ባለቤት ነው። በዚህ መንገድ የተሠሩ የመሸጫ ሶፍትዌሮች ዕድሜ አላቸው። ኦኤስኮሜርስ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን ውስጥ ተጀመረ፤ ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚሠራው ዉኮሜርስ በ2011 ወጣ። ሁለቱም ለብዙ ነጋዴ በር ከፍተዋል። ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ግን በየጊዜው የሚደረብባቸው ተጨማሪ ክፍል ሸክም ሊሆን ይችላል።

የሸክሙን ነገር በቁጥር እንየው። ዛሬ አንድ መካከለኛ ድረ ገጽ ከ2 ሜጋባይት አያንስም። በሰከንድ 100 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ደካማ መስመር ይህን ለመክፈት 160 ሰከንድ ያስፈልጋል። ገጹ ወደ 100 ኪሎባይት ቢወርድ ስምንት ሰከንድ ይበቃዋል። ገዢ ስምንት ሰከንድ ይታገሣል፤ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ለተቃረበ ጥበቃ ግን ጥቅሉንም ጊዜውንም አያባክንም። ክብደቱ የሚመጣው ከጽሑፉ አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል የሚይዘው ሦስት ባይት ነው፤ «ቡና» ስድስት ባይት፣ ሦስት መቶ ፊደል ያለው የዕቃ መግለጫ 900 ባይት። የሚከብደው ከስልክ በቀጥታ የተጫነው የሦስት ሜጋባይት ፎቶ ነው። ስለዚህ ቀላል ሱቅ ፎቶውን ሲቀበል ራሱ ያሳንሰዋል። በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ ምስል 8 ኪሎባይት ቢሆን አሥር ዕቃ በ80 ኪሎባይት ይታያል። ትልቁ ፎቶ የሚመጣው ገዢው ሲነካው ብቻ ነው።

ደብተሩስ የት አለ? ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ኤስኪውላይት የሚባል ዳታቤዝ አለ፤ በየአንድሮይድ ስልኩ ውስጥ ይገኛል። ዕቃውን፣ ዋጋውን፣ ትእዛዙን ሁሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ የሱቁ ደብተር ያ ፋይል ነው። ትልቅ ጥቅሙ የሚታየው በጭንቅ ሰዓት ነው። አንድ ኪሎ ማር ቀርቷል እንበል፤ ሁለት ገዢ በአንድ ቅጽበት «ግዛ» የሚለውን ይነካሉ። ቀሪውን መቀነስና ትእዛዙን መመዝገብ እንደ አንድ ሥራ ከተያዙ፣ ወይ ሁለቱም ሥራዎች ይፈጸማሉ ወይ አንዱም አይፈጸምም። ማሩ ለአንዱ ይደርሳል፣ ለሌላው «አልቋል» ይባላል። ጽሕፈቱ መሐል መብራት ቢጠፋም ግማሽ መስመር ተጽፎ አይቀርም፤ ፋይሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሱቁ አማርኛችንንም ማወቅ አለበት። ገዢዋ «የጸጉር ቅባት» ብላ ስትፈልግ ባለ ሱቁ «የፀጉር ቅባት» ብሎ ጽፎ ከሆነ ማሽኑ «የለም» ይላታል፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ። ስለዚህ ፍለጋው ጸ እና ፀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን አንድ አድርጎ ማየት ይኖርበታል። «ነገ 3 ሰዓት» ማለት ጠዋት መሆኑንም ይወቅ። ከውጭ የመጡ ብዙ ቅጾች የፖስታ ኮድ ካልሞላህ አያሳልፉህም፤ የእኛ ሰው ግን አድራሻው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን» ነው። ስልክ ቁጥርና ምልክት መጻፊያ ሰፊ ቦታ ይበቃዋል።

ክፍያውን ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከስልክ ወደ ስልክ ማድረግ ቀሏል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ገዢ የላከው የክፍያ ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም። የሐሰት ፎቶ ሊሠራ ይችላል። ሱቁ ክፍያው መግባቱን ራሱ ከክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ጠይቆ እስኪያረጋግጥ ዕቃ መውጣት የለበትም። በሕጉም በኩል የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለው ውል መሠረት ጥሏል።

ክፍት ነው ማለት ግን ያለ ወጪና ያለ ድካም ነው ማለት አይደለም። ለሰርቨርና ለድረ ገጹ ስም ይከፈላል፤ ደኅንነቱን የሚጠብቁ ማሻሻያዎች በጊዜው መጫን አለባቸው፤ ያቺ አንድ ፋይል በየማታው ፍላሽ ላይ መገልበጥ አለባት። ደብተሩን ዝናብ ላይ ጥሎ የሚያድር ነጋዴ የለም።

የሚከፈለው ዋጋ ግን ከንቱ አይደለም። በሰው መድረክ ላይ የሚሸጥ ሰው መድረኩ የተዘጋ ዕለት የደንበኞቹ መዝገብ አብሮ ይዘጋበታል፤ እዚህ ግን ፋይሉ በእጁ ነው። ኮድ የሚችል የካፋ ወጣት «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ ከአማርኛው ጎን በካፋ ቋንቋ፣ በካፊ ኖኖ፣ ቢጽፈው ማንም «ተው» አይለውም። በካፊ ኖኖ አፏን የፈታች እናትም ኮረሪማዋን በራሷ ቋንቋ ትሸጣለች።