ማስመስከር፦ የመምህርነት ማዕረግ በአብነት ትምህርት ቤት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ውስጥ ትምህርትን መጨረስ ብቻውን መምህር አያሰኝም። ተማሪው ያወቀውን በዚያ ሙያ ወደታወቀ ጉባኤ ይዞ ሄዶ፣ ታርሞና ተፈትኖ፣ “ያስተምር” ተብሎ ሊመሰከርለት ይገባል። የምስክሩ ቦታ እንደ ትምህርቱ ዓይነት ይለያያል። ለድጓ በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ፣ ለቅዳሴ በትግራይ የሚገኘው ደብረ ዓባይ ስመ ጥር ናቸው።

የምስክር ጥቅም ከሁሉ ይልቅ በድጓ ላይ ይታያል። ድጓ በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ እንደደረሰው የሚታመን፣ የዓመቱን በዓላት የሚያዳርስ የዜማ መጽሐፍ ነው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ከቃላቱ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ። ሥርዓታቸውን በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳቀኑት ይነገራል። ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚያስታውሰው ዜማውን አስቀድሞ የሰማውን ሰው ነው፤ ላልሰማው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያጠናል፣ ብዙውን ጊዜም የሚማርበትን ድጓ በገዛ እጁ ይጽፋል። ድጓን አንድ ጊዜ ማዝለቅ ገና ጅምር ነው፤ ደጋግሞ ያዘለቀው ተማሪ ወደ ቤተልሔም ሲሄድ ከሌላ ቤት ይዞት የመጣው ዜማ ከምስክሩ ዜማ ጋር ይስተያያል፣ የተዛባው ይቀናል። ጥንታዊው ዜማ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከመንገዱ እንዳይወጣ የጠበቀው ከብራናው ይልቅ ይህ እርማት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቅኔ ሊቅነት ከዚህ ይለያል። የድጓ ሊቅ የተቀበለውን ሳያዛባ ይጠብቃል፤ የቅኔ ሊቅ ግን ከዚህ በፊት ያልተነገረውን መፍጠር ይጠበቅበታል። ተማሪው ግስ አጥንቶ፣ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰዋስውን፣ ምጣኔውን፣ ሰሙንና ወርቁን ይነቅስለታል። አንድ ጊዜ በጉባኤ የተነገረ ቅኔ አይደገምም። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በየራሳቸው የቅኔ መንገድ ይታወቃሉ።

ማስተማርን የሊቅነት መለኪያ ማድረግ በሌላውም ዓለም አለ። ጃፓናዊው ሚካኦ ኡሱይ በ1922 በጀመረውና ሬኪ በሚባለው፣ እጅን በመጫን እንፈውሳለን በሚሉበት ልማድ፣ ማስተር የሚባለው ሌላውን በሥርዓት ወደ ሙያው ማስገባት የተፈቀደለት ሰው ነው። ሬኪን ወደ አሜሪካ ያስገባችው ሃዋዮ ታካታ በ1980 እስክትሞት ድረስ ማስተር ያደረገቻቸው 22 ሰዎች ናቸው፤ ክፍያውም 10,000 ዶላር ነበር። ከእርሷ በኋላ ማዕረጉ በጥቂት ቀናት ኮርስ የሚሰጥበትም ቦታ ተበራከተ፤ ሁሉንም የሚያርም አንድ የምስክር ቤት የላቸውምና። በዚህ በኩል የአብነቱ ሥርዓት ብልጫ አለው፦ ማዕረጉን ሰጪው ሰው ብቻ ሳይሆን ቤቱም ይጠየቅበታል።

ከምስክር የወጣው ሊቅ ዕውቀት በከተማ አጥቢያዎችም ይፈተናል። ለምሳሌ በመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን የሚታሰቡት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሁለት ዓመታዊ በዓላት ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ናቸው። የጥቅምቱ በዘመነ ጽጌ ስለሚውል ማኅሌቱ በከበሮና በጸናጽል ይደምቃል። የመጋቢቱ ግን ምንጊዜም ከዐቢይ ጾም አይወጣምና ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ መቋሚያው ይቀራል፣ ዜማውም ከጾመ ድጓ ይወጣል። መሪጌታው፣ ከቀኝ ጌታውና ከግራ ጌታው ጋር፣ ለአንዱ ጻድቅ ሁለቱንም ሥርዓት አጥርቶ ማወቅ አለበት።

ማኅሌት መምራት ግን ወንበር ዘርግቶ ማስተማርን አይተካም። በገጠር ጉባኤ የያዘ መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በመንደሩ ሰው ድጋፍ ነው፣ ተማሪዎቹም ቁራሽ ለምነው ይማራሉ። ብዙ ባለሙያዎች ወደ ከተማ አገልግሎት የሚሳቡትም በዚሁ የኑሮ ችግር ነው። የተመሰከረለት መምህር በደብር አገልግሎት ብቻ ተወስኖ ተማሪ ሳያወጣ ካለፈ፣ በእርሱ በኩል የመጣው የዜማ ሐረግ እዚያው ይቋረጣል።