ገለምሶ ተቀምጦ በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ

ጨረታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በታሸገ ፖስታ የሚገባውን ዋጋ ወይም ባንክ በሐራጅ የሚሸጠውን ቤት ነው። የኢንተርኔቱም መሠረቱ ያው ነው። ሻጩ ዕቃውን በፎቶና በጽሑፍ ያቀርባል፤ መነሻ ዋጋና የመዝጊያ ሰዓት ያስታውቃል። ተጫራቾች ባሉበት ሆነው ዋጋ ይጨምራሉ፤ ሰዓቱ ሲያበቃ ከፍተኛውን የሰጠ ይወስዳል። ይህን ንግድ በዓለም ያስፋፋው ኢቤይ በአሜሪካ የተመሠረተው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

በአገራችን ጥሩ ማሳያው ቡና ነው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባካሄደችው የ«ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማው አርሶ አደር ንጉሤ ገመዳ ቡና በኢንተርኔት ጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185.10 ዶላር ተሸጠ። ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ዋጋውን ያወጣው ኢንተርኔቱ ብቻ አይደለም፤ ቡናው አስቀድሞ በቀማሾች ተመዝኖ ነጥብ አግኝቷል። ገዢው ሳያይ ብዙ የሚከፍለው ሲያምን ነው።

ታዲያ ከምዕራብ ሐረርጌዋ ከተማ ከገለምሶ ምን ይሸጣል? ጫት ለጨረታ አይመችም፤ ቀናት ከቆየ ይጠወልጋል። በፀሐይ የደረቀ የሐረርጌ ቡና፣ ማርና በእጅ የተሰፋ መሶብ ግን ይቆያሉ። ጨረታ የሚያዋጣው ብዙ ሰው ለሚፈልገው፣ እንደ ልብ ለማይገኝ ዕቃ ነው። በየሱቁ ለሚገኝ ሸቀጥ ቁርጥ ዋጋ ይሻላል፤ ተጫራቹ አንድ ብቻ ከሆነ ዕቃው በመነሻ ዋጋ ይሄዳልና።

ጀማሪ ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ ገጽ ሊነሳ ይችላል። መነሻ ዋጋው ወጪዎን የሚሸፍን ይሁን። ትንሹ ጭማሪ ስንት እንደሆነ፣ ጨረታው መቼ እንደሚዘጋ፣ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ይጻፉ። ክብደትና መጠን በትክክል ይግለጹ፤ እንከን ካለው እንከኑንም ፎቶ ያንሱ። በወዳጅ ስም ዋጋ ማስጨመር ማታለል ነው፤ ሲታወቅ ገዢ ይሸሻል።

ክፍያው ላይ ይጠንቀቁ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መቀበል ቀሏል። የተላከልዎትን የደረሰኝ ፎቶ ግን አይመኑ፤ ሒሳብዎን ራስዎ ከፍተው ገንዘቡ መግባቱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ዕቃውን ይላኩ። የሚስጥር ቁጥርዎንና በመልእክት የሚደርስዎትን ኮድ ለማንም አይስጡ። ዕቃውን በአውቶቡስ ሲልኩ አስተሻሸጉን ፎቶ ያንሱ፤ የሰሌዳ ቁጥሩንም ለገዢው ይንገሩ።

ሕጉንም አይዘንጉ። ቡና በብዛት ማጓጓዝም ሆነ ወደ ውጭ መላክ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥንታዊ መጻሕፍትና ቅርሶች ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጡም። ሽያጩ ቋሚ ሥራ ከሆነ የንግድ ፈቃድ ያውጡ።

በአንድ ዕቃ ይጀምሩ፤ ያሉትን ዕቃ ባሉት ቀን ያድርሱ። ያመነዎት ገዢ ለሚቀጥለው ጨረታ ሌሎችን ይዞ ይመጣል።