በክስተቶች ላይ የሚካሄድ ውርርድና የመንግሥት ሠራተኛው ኃላፊነት

ውርርድ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ባህላዊ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው ለቃላቸው እውነትነት ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዱ እንደነበር ይታወቃል። ያ ውርርድ የሚካሄደው በአደባባይ ነበር። ተወራራጆቹ ማን እንደሆኑ በችሎት የታደመው ሕዝብ ያውቃል፤ ማን እንደረታ የሚወስነውም ዳኛው ነው።

በአሁኑ ወቅት በኢንተርኔት አማካይነት እየተስፋፋ የሚገኘው ውርርድ ግን ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ከእግር ኳስና ከፈረስ እሽቅድምድም አልፎ ምርጫን፣ ጦርነትን፣ የባንክ ወለድ ምጣኔንና የመንግሥት ውሳኔዎችን መወራረጃ አድርጓል። የተወራራጁ ማንነት በአብዛኛው ለሕዝብ አይታወቅም። ውጤቱን አስቀድሞ የማወቅ ዕድል ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጉዳዩ ላይ የሚወስነው ሹም ወይም ሰነዱን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ነው። ይህ ጽሑፍም የውርርዱን አሠራር፣ የሚያስነሳውን የሥነ ምግባር ጥያቄና በብሪታንያና በአሜሪካ የተወሰዱ የቁጥጥር እርምጃዎችን ያስቃኛል።

የትንበያ ገበያ በመባል የሚታወቀው አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። ለአንድ ጥያቄ፣ ለምሳሌ «እገሌ በምርጫው ያሸንፋል ወይ?» ለሚለው፣ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ውሎች ለሽያጭ ይቀርባሉ። የተባለው ነገር ከተፈጸመ የ«አዎ» ውል ባለቤት 1 ዶላር ይከፈለዋል፤ ካልተፈጸመ ምንም አያገኝም። ውሉ በ60 ሳንቲም የሚሸጥ ከሆነ ገበያው ለክስተቱ የ60 በመቶ ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። አንዱ የሚያተርፈው ሌላው የከሰረውን ነው።

የአሠራሩ ደጋፊዎች የብዙ ሰዎች ግምት በዋጋ ተጠቃሎ ሲወጣ ከአንድ ባለሙያ ግምት የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ይገልጻሉ። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ ከ1988 ጀምሮ ለትምህርትና ለምርምር ሲባል በምርጫ ውጤት ላይ አነስተኛ ገበያ ያካሄደውም ይህንኑ ለመፈተሽ ነው። አንድ ተሳታፊ ሊያስገባ የሚችለው ገንዘብ ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ መደረጉ ደግሞ ጥናቱ ወደ ቁማር እንዳይለወጥ ረድቷል።

ይሁን እንጂ በሰው ሕይወትና በሕዝብ ጉዳይ ላይ መወራረድ የሚያስከትለው አደጋ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ሰዎች ዝምድናም ሆነ ጥቅም በማያስተሳስራቸው ታዋቂ ሰው ሕይወት ላይ የመድን ውል እየገዙ ይሞታል አይሞትም በሚል ይወራረዱ ነበር። ፓርላማው እ.ኤ.አ በ1774 ባወጣው ሕግ መድን የሚገዛው ወገን በግለሰቡ ሕይወት ላይ ሕጋዊ ጥቅም ከሌለው ውሉ ዋጋ እንደማይኖረው ደነገገ። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነው። የሌላውን ጥፋት የትርፍ ምንጭ ማድረግ ጥፋቱን የሚመኝ፣ ሲከፋም የሚያፋጥን ሰው ይፈጥራል።

ተመሳሳይ ጥያቄ እ.ኤ.አ በ2003 በአሜሪካ ተነሥቷል። ዳርፓ የተሰኘው የመከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም በመካከለኛው ምሥራቅ ፖለቲካዊ ክስተቶች ላይ የትንበያ ገበያ ለማቋቋም ዕቅድ ነበረው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሁለት ሴናተሮች ዕቅዱ በሽብር ጥቃትና በግድያ ላይ መወራረድን ይፈቅዳል ሲሉ ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ በማግስቱ ተሰርዟል። እ.ኤ.አ በ2010 የወጣው የፋይናንስ ማሻሻያ ሕግም የሸቀጦች የቀጣይ ግብይት ኮሚሽን ሽብርን፣ ግድያን፣ ጦርነትንና ቁማርን የሚመለከቱ ውሎችን ከሕዝብ ጥቅም ጋር የሚቃረኑ ሆነው ሲያገኛቸው እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶታል።

ሥልጣኑ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ግን አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ በ2023 ካልሺ የተባለ ኩባንያ የትኛው ፓርቲ ምክር ቤቱን እንደሚቆጣጠር የሚያወራርድ ውል እንዳያቀርብ ከለከለ። ኩባንያው በመሠረተው ክስ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ2024 ምርጫ በሕጉ ከተዘረዘሩት ክልከላዎች ውስጥ አይገባም ሲል ፈረደለት። ኮሚሽኑም በ2025 ይግባኙን ተወ። ከዚህ የምንረዳው ሕግ አውጪው ሊከለክል የፈለገውን በግልጽ ቃል ካላስቀመጠ ተቆጣጣሪው አካል በችሎት ፊት የሚመረኮዘው እንደሚያጣ ነው።

ጉዳዩ በቀጥታ የመንግሥት ሠራተኛውን የሚነካው የውስጥ መረጃ ሲነሣ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ እ.ኤ.አ ሜይ 22 ቀን 2024 አጠቃላይ ምርጫው በጁላይ 4 እንደሚካሄድ ያስታወቁት ብዙዎች ባልጠበቁት ጊዜ ነበር። ይሁንና ማስታወቂያው ከመነገሩ ሦስት ቀናት አስቀድሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የፓርላማ ረዳት ምርጫው በጁላይ ይሆናል በሚል 100 ፓውንድ መወራረዳቸው ይፋ ሆነ። ፓርቲያቸው ለእኚህ ሰውና በተመሳሳይ ጉዳይ ስማቸው ለተነሣ ሌላ ዕጩ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አነሣ። የአገሪቱ የቁማር ኮሚሽንም ምርመራ ሲያካሂድ ቆይቶ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2025 በ15 ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። የክሱ መሠረት በ2005ቱ የቁማር ሕግ የተደነገገው የማጭበርበር ወንጀል ሲሆን፣ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ያስቀጣል። ክስ በራሱ የጥፋተኝነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። ሆኖም የ100 ፓውንድ ውርርድ በምርጫ ዘመቻ መካከል የመንግሥትን ተአማኒነት ጥያቄ ውስጥ ለመክተት በቂ ሆኗል።

የመረጃ ማፈትለክ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2025 የኖቤል የሰላም ሽልማት አሸናፊ ከመገለጹ ከሰዓታት በፊት ለቬንዙዌላዊቷ ፖለቲከኛ ማሪያ ኮሪና ማቻዶ የተሰጠው ዕድል ፖሊማርኬት በተባለው ገበያ ከ4 በመቶ በታች ተነሥቶ ከ70 በመቶ በላይ ደርሷል። የኖርዌይ የኖቤል ተቋምም ምስጢሩ እንዴት እንደወጣ እንደሚያጣራ አስታውቋል።

አንዳንድ ምሁራን የውስጥ ዐዋቂዎች መሳተፋቸው ዋጋውን ከእውነት ጋር ያቀራርበዋል በማለት ይከራከራሉ። ክርክሩ በሒሳብ ረገድ መሠረት ቢኖረውም በመንግሥት ሥራ ረገድ ግን ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። በመጀመሪያ ደረጃ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ያገኘው መረጃ የግል ንብረቱ አይደለም፤ ሕዝብ በአደራ የሰጠው ነው። ሁለተኛ፣ በምስጢር የሚያተርፍ ሹም መረጃው በወቅቱ ለሕዝብ እንዳይገለጽ የማዘግየት ፍላጎት ያድርበታል። ሦስተኛና ከሁሉ የከፋው፣ ውሳኔ ሰጪው ለሕዝብ የሚበጀውን ትቶ የተወራረደበትን ሊወስን ይችላል። በስታዲየም ጨዋታ የሚሸጥ ተጫዋች የሚጎዳው ክለቡንና ደጋፊውን ነው። ውሳኔ የሚሸጥ ሹም ግን የሚጎዳው አገርን ነው።

አሜሪካ በዚህ ረገድ ያወጣቻቸው ሁለት ድንጋጌዎች ለአብነት ይጠቀሳሉ። ከላይ የተጠቀሰው የ2010 ሕግ የፌዴራል ሠራተኞች ይፋ ባልሆነ የመንግሥት መረጃ ተጠቅመው በሸቀጦች የቀጣይ ግብይት እንዳያተርፉ ይከለክላል። እ.ኤ.አ በ2012 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የምክር ቤት አባላትም ሆኑ የአስፈጻሚው አካል ሠራተኞች ከኃላፊነታቸው ያገኙትን ምስጢር ለግል ጥቅም እንዳያውሉ ያዛል። በእነዚህ ገበያዎች ላይ አፈጻጸሙን የሚያከብደው ተወራራጁ በሌላ ሰው ስም ወይም ማንነቱን በማይገልጽ ሒሳብ ሊጠቀም መቻሉ ነው።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች በመነሣት ማንኛውም ተቆጣጣሪ አካል አንድን ውርርድ ከመፍቀዱ በፊት ሦስት ነጥቦችን ሊመረምር ይገባዋል። ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? ውጤቱን ሊለውጥ የሚችል ሰው አለ ወይ? ክስተቱ ሲፈጸም የሚጎዳ ሰው አለ ወይ? ለሦስቱም መልሱ «አለ» የሆነ ውርርድ መዝናኛ ነው ሊባል አይችልም። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ደግሞ ዐዋቂዎቹን ለይቶ ማገድና የተወራራጁን ማንነት መመዝገብ የግድ ይሆናል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ሥልጣንን የመብል ማዕድ አድርጎ ያየ ዘመን ቅሪት ነው። ያ ማዕድ ዛሬ በኢንተርኔት ተዘርግቶ፣ ጉቦ ሰጪም ሆነ ጉቦ ተቀባይ ሳያስፈልግ፣ በአንድ የእጅ ስልክ ሊቀርብ ይችላል። በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች የሥነ ምግባር ደንባቸውን ሲያዘጋጁ ከስጦታና ከጉቦ ጎን ለጎን ሠራተኛው በሥራው በሚያውቀው ወይም በሚወስነው ጉዳይ ላይ በራሱም ሆነ በቤተሰቡ ስም እንዳይወራረድ በግልጽ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። ክልከላው ቅሬታ ከመነሣቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ሲቀመጥ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንም ይጠብቀዋል።