ምላሷን የሰጠችው የባሕር ልጅ

ተረት ብዙ ጊዜ መጨረሻው ደስታ ነው። ደሀው ይከብራል፤ የጠፋው ይገኛል፤ የተፋቀሩት ይጋባሉ። ዛሬ የምንነግራችሁ ተረት ግን እንዲህ አይደለም። ልጅቷ የወደደችውን አታገኝም። ታዲያ ይህ ተረት ከተጻፈ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ቢሆነውም ሰዎች እስከ ዛሬ ያነቡታል። ለምን ይሆን?

ተረቱ የተጻፈው በዴንማርክ ነው። ዴንማርክ በሰሜን አውሮፓ ያለች፣ ከየትም ቢነሱ ባሕር የማይርቅባት ትንሽ አገር ናት። ደራሲው ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን ይባላል። ተረቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ብዙ ተረቶች ሕዝብ ከአፍ ወደ አፍ ሲያስተላልፋቸው የኖሩ ናቸው፤ ይህን ግን አንደርሰን ራሱ አስቦ የፈጠረው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥልቁ ባሕር ውስጥ የባሕሩ ንጉሥ ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሡ ሚስቱ ሞታበት ስድስት ሴቶች ልጆቹን የምታሳድግለት አሮጊት እናቱ ናት። ልጆቹ ከወገባቸው በላይ ሰው፣ ከወገባቸው በታች ዓሣ ናቸው። የመጨረሻዋ ልጅ ዝምተኛና አሳቢ ናት። እህቶቿ ከሰመጠ መርከብ ያገኙትን ጌጥ ሁሉ ሲሰበስቡ፣ እርሷ የወሰደችው ከነጭ ዕብነ በረድ የተቀረጸ የአንድ ወጣት ወንድ ሐውልት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ልዑሉን ገና አላየችውም። ማንን እንደምትናፍቅ ሳታውቅ ነው መናፈቅ የጀመረችው።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ወደ ባሕሩ ወለል እንድትወጣ ተፈቀደላት። በመርከብ ላይ አንድ ወጣት ልዑል ልደቱን ሲያከብር አየች። ሌሊቱን ማዕበል ተነሣ፤ መርከቡ ተሰባበረ። ልጅቷ የልዑሉን ራስ ከውኃ በላይ ይዛ አደረች፤ ሲነጋም ወደ ዳር አወጣችውና ተደበቀች። በአጠገቡ ካለ ቤተ መቅደስ አንዲት ልጃገረድ መጥታ አገኘችው። ልዑሉ ዓይኑን ሲገልጥ ያየው ይችኛዋን ነው። ያዳነችው ማን እንደሆነች አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ዕረፍት አጣች። አያቷን ስለ ሰዎች ጠየቀቻት። አያቷም የባሕር ሰዎች ሦስት መቶ ዓመት ይኖራሉ፤ ሲሞቱ ግን አረፋ ሆነው ይቀራሉ፤ የሰው ልጅ ዕድሜው አጭር ቢሆንም የማትሞት ነፍስ አለችው ብላ ነገረቻት። አንድ ሰው ከአባቱና ከእናቱ አብልጦ ወድዶ ቢያገባት ግን እርሷም ከዚያች ነፍስ ትካፈላለች። ልጅቷ እንግዲህ ሁለት ነገር ነው የምትመኘው፤ ልዑሉንና ነፍስን። ይህን የረሳ ሰው ተረቱን የአፍላ ፍቅር ወሬ ብቻ ያደርገዋል።

የባሕሯ ጠንቋይ ጅራቷን ወደ እግር የሚለውጥ መድኃኒት አላት፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በተራመደች ቁጥር በስለት ላይ እንደምትሄድ ሆኖ ያማታል። ወደ ባሕር መመለስ የለም። ልዑሉ ሌላ ካገባ በማግስቱ ልቧ ተሰብሮ አረፋ ትሆናለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ጠንቋይዋ ድምጿን ትፈልጋለች። በምድርም በባሕርም እንደዚህች ልጅ አድርጎ የሚዘፍን የለምና! ልጅቷ እሺ አለች፤ ምላሷም ተቆረጠ።

ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ምን ዓይነት መሥዋዕትነት ነው ይላል። እኔ ግን ይህን መሥዋዕትነት ለማለት ጥቂት አመነታለሁ። ልጅቷ የሰጠችው ልታገኝ ነው፤ ገበያ ነው። ያውም የተጎዳችበት ገበያ። ልትታወቅበት የምትችለውን ነገር ሸጣ እንዴት ትታወቅ?

በቤተ መንግሥቱ ልዑሉ ወደዳት፤ ግን እንደ ልጅ ነው የወደዳት። በበሩ ላይ በከፋይ ትራስ ተኝታ ታድራለች። እግሯ እየደማ ተራራ አብራው ትወጣለች። አንድ ቀን ልዑሉ የልቡን አጫወታት። ከመርከብ አደጋ ስላዳነችው ስለዚያች የቤተ መቅደስ ልጃገረድ ነገራት፤ በዓለም ላይ የምወዳት እርሷን ብቻ ነው አላት። ይህን የሚነግረው እኮ ላዳነችው ለራሷ ነው! እርሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትሰማዋለች። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የዚህች ልጅ ዝምታ ግን ከውስጥ በላት።

አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ለምን አልጻፈችለትም? አንዲት መስመር ትበቃት ነበር። ተረቱ ስለ ጽሕፈት ምንም አያወራም፤ ተረት ነውና አንፈርድበትም። ትናንት ፊደል የቆጠረ አንባቢ ግን ይህ ሳይታሰበው አይቀርም።

የልጅቷ ዝምታ ከደራሲው ሕይወት ብዙም የራቀ አይደለም። አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1805 ኦደንሴ በምትባል ከተማ ከድሆች ተወለደ። አባቱ ጫማ ሠሪ ነበር፤ አንደርሰን ገና ልጅ ሳለ ሞተ። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችው። በ14 ዓመቱ ብቻውን ወደ ዋና ከተማው ወደ ኮፐንሃገን ሄደ። የመዝፈን ድምፅ ነበረው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፁ ተለወጠና ያ ተስፋው ቀረ። ዮናስ ኮሊን የተባሉ ባለሥልጣን አዝነው ትምህርት ቤት እንዲገባ ረዱት፤ በቤታቸውም እንደ ልጅ ሆነ።

የኮሊን ልጅ ኤድቫርድን አንደርሰን ከማንም አብልጦ ይወደው ነበር። በዴንማርክ ቋንቋም እንደኛው «አንተ»ና «እርስዎ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1831 አንደርሰን ኤድቫርድን በደብዳቤ «አንተ» እንባባል ብሎ ለመነው። ኤድቫርድ እምቢ አለ። የአንዲት ቃል ነገር ናት፤ ግን «እርስዎ» ተብሎ የቀረ ወዳጅ ምን ያህል ከበር እንደቆመ አማርኛ ለሚናገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ኤድቫርድ እ.ኤ.አ. በ1836 አገባ፤ በዓመቱ ይህ ተረት ታተመ። ተረቱ የሕይወት ታሪኩ ነው ማለቴ አይደለም። ደጃፍ ላይ መተኛትን ግን ያውቀዋል።

ወደ ተረቱ እንመለስ። ልዑሉ የጎረቤት ንጉሥ ልጅ እንዲያገባ ተወሰነ። ሄዶ ቢያያት ያቺው የቤተ መቅደስ ልጃገረድ ሆና ተገኘች! በሠርጉ ዕለት ማታ ሙሽሮቹ ወደ መርከብ ገቡ። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ እህቶቿ ከባሕሩ ብቅ አሉ። ጠጉራቸው ተላጭቷል፤ ለጠንቋይዋ ሰጥተው በምትኩ ጩቤ አምጥተዋል። ጎሕ ሳይቀድ ልዑሉን ልቡ ላይ ብትወጋው ደሙ እግሯን ሲነካ ጅራቷ ይመለሳል፤ ሦስት መቶ ዓመቷንም ትኖራለች።

ወደ ድንኳኑ ገባች። ሙሽራዋ ራሷን ደረቱ ላይ አድርጋለች። ልዑሉ በሕልሙ የሙሽራዋን ስም ጠራ። ጩቤው በልጅቷ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ወረወረችው፤ እርሷም ተከትላ ዘለለች።

መሥዋዕትነት የምለው ይህን ነው። ምላሷን ስትሰጥ ተስፋ ነበራት፤ ጩቤውን ስትጥል ምንም አልነበራትም። ያደረገችውን የሚያውቅላት አንድም ሰው የለም፤ የተኛው ሰውዬ እንኳ አያውቅም።

ልጅቷ ግን አረፋ ሆና አልቀረችም። የአየር ልጆች የሚባሉ የማይታዩ ፍጡራን ወደ እነርሱ ወሰዷት፤ ሦስት መቶ ዓመት በጎ ሥራ ብትሠራ ነፍስን በራሷ ታገኛለች። ብዙ አንባቢ ይህ መጨረሻ በኋላ የተለጠፈ ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። የተረቱ የመጀመሪያ ርዕስ ራሱ «የአየር ልጆች» ነበር። አንደርሰንም የልጅቷን ነፍስ በሌላ ሰው ፍቅር ላይ እንዳላሰረ ለወዳጁ ጽፏል። ልጆች ባጠፉ ቁጥር የልጅቷ የመጠበቂያ ቀን ይጨምራል የሚለው ተግሣጽ ግን ባይኖር ይሻል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የተሠራው የካርቱን ፊልም ይህን ሁሉ ትቶ ልጅቷን ከልዑሉ ጋር ድሯታል። ልጆቻችሁ የሚያውቁት ያንን ሊሆን ይችላል። በኮፐንሃገን ወደብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ሐውልቷ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ብዙ ሰው ትንሽነቱን አይቶ ይገረማል።

አንደርሰን በጻፈው ግን፣ በማግስቱ ልዑልና ሙሽራዋ መርከቡ ላይ ፈለጓት። አጧት። ወደ አረፋው እያዩ አዘኑ። እርሷም ሳትታይ የሙሽራዋን ግንባር ሳመች፤ ለልዑሉ ፈገግ አለችለትና ከጓደኞቿ ጋር ወደ ላይ ወጣች።