የተወደደው ሁሉ አይሸጥም፤ የአሜሪካ የሌሊት ቶክ ሾው ገበያ አሠራር

በአሜሪካ የሌሊት ቴሌቪዥን “ከአቅራቢዎቹ የትኛው ይበልጣል?” የሚለው ክርክር ከሠላሳ ዓመታት በላይ ዘልቋል። በ1990ዎቹ ተመልካቹ የጄይ ሌኖና የዴቪድ ሌተርማን ደጋፊ ሆኖ በሁለት ተከፍሎ ነበር። በ2010 ኮናን ኦብራያን ተበድሏል የሚሉ ወጣቶች መፈክር ይዘው አደባባይ እስከመውጣት ደርሰዋል። ከ2015 በኋላ ደግሞ ክርክሩ ወደ ስቲቨን ኮልቤር፣ ጂሚ ፋለንና ጂሚ ኪመል ዞሯል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁንና ተመልካቹ በአፉ የሚሰጠው ፍርድና ገበያው በገንዘብ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አልተገጣጠሙም። ለዚህ የቅርቡ ማስረጃ በጁላይ 2025 የታየው ነው። ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ፣ በሰዓቱ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ተመልካች የነበረውን የኮልቤርን ፕሮግራም በሜይ 2026 እንደሚዘጋ አስታወቀ። በገበያው አንደኛ የሆነ ሱቅ ለምን ይዘጋል? መልሱን ለማግኘት በዚህ ንግድ የሚሸጠው ሸቀጥ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሸቀጡ ቀልዱ አይደለም

ብዙ ሰው ጣቢያው የሚሸጠው ቀልድና ጨዋታ ይመስለዋል። ቀልዱ ግን ለተመልካቹ በነፃ የሚታደል ነው። የሚሸጠው ተመልካቹ ራሱ፣ ይኸውም በተወሰነ ሰዓት ከቴሌቪዥኑ ፊት የመቀመጡ ነገር ሲሆን ገዢዎቹም የመኪና፣ የመድኃኒት፣ የቢራና የመሳሰሉት ኩባንያዎች ናቸው። ዋጋው የሚነገረው በሺህ ተመልካች ነው። ለምሳሌ ያህል የሺህ ተመልካች ዋጋ 20 ዶላር ቢሆንና ፕሮግራሙን 2 ሚሊዮን ሰው ቢያይ፣ አንዱ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ 40 ሺህ ዶላር ያወጣል ማለት ነው።

ሚዛኑን የያዘው ኒልሰን የተባለው የጥናት ድርጅት ነው። ድርጅቱ በናሙና በመረጣቸው ቤቶች መሣሪያ ተክሎ ማን ምን እንዳየ ይመዘግባል። ከዚህም ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። ቴሌቪዥን ካላቸው 100 ቤቶች መካከል በዚያ ሰዓት 60ዎቹ ቢከፍቱና 6ቱ አንዱን ፕሮግራም ቢያዩ፣ ከጠቅላላው ቤት ሲሰላ ውጤቱ 6 ነው፤ ከከፈቱት ብቻ ሲሰላ ደግሞ 10 በመቶ የገበያ ድርሻ ይሆናል። ተመልካች ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም። ማስታወቂያ ገዢዎች ለረጅም ጊዜ አብልጠው ሲከፍሉ የኖሩት ዕድሜው ከ18 እስከ 49 ለሆነው ክፍል ነው። የሰባ ዓመት አዛውንት አቅራቢውን የቱንም ያህል ቢወዱት በዚህ ሚዛን ክብደታቸው ትንሽ ነው።

የሽያጩ ሥርዓት ለምርት ነጋዴ እንግዳ አይሆንበትም። ኩባንያዎቹ በየዓመቱ ሜይ አካባቢ የመጪውን ዓመት የማስታወቂያ ጊዜ ከፍ ያለውን ክፍል በቅድሚያ ውል ይሸጣሉ። የቀረው በየጊዜው በሚወጣው ዋጋ ይሸጣል። በውሉ የተገባው የተመልካች ቁጥር ካልተገኘ ሻጩ ያለክፍያ ተጨማሪ ማስታወቂያ በማውጣት ጉድለቱን ይሞላል። እንግዲህ ተፈላጊነቱ በውል የተለካ፣ ሲጎድል የሚያስቀጣ ሸቀጥ ነው።

ከዚህ የተለየ፣ “ይህን ሰው ታውቀዋለህ? ትወደዋለህ?” እያለ የሚጠይቅ ኪው ስኮር የሚባል መለኪያም አለ። እሱ ሰውን ለማስታወቂያ ሥራ ለመምረጥ ይጠቅማል እንጂ የማስታወቂያው ሰዓት የሚሸጥበት ሚዛን አይደለም። “እወደዋለሁ” ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ተኝቶ ከሆነ ለገበያው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ሌኖ ወይስ ሌተርማን?

ጆኒ ካርሰን የኤንቢሲን “ቱናይት ሾው” ከ1962 እስከ ሜይ 1992 ለ30 ዓመታት ያህል ካቀረበ በኋላ ቦታውን የወረሰው ጄይ ሌኖ ነበር። ካርሰንን ተከትሎ በሚቀርበው ፕሮግራም ከ1982 ጀምሮ የሠራው ሌተርማን ወንበሩ ለእኔ ይገባኝ ነበር በማለት ቅር ተሰኘ። ሲቢኤስም ዕድሉን ተጠቅሞ በዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ይከፍለዋል በተባለ ውል ወሰደው። በኦገስት 30 ቀን 1993 ሥራ ሲጀምር ሁለቱ በአንድ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡35 ላይ ፊት ለፊት ገጠሙ።

የተመልካቹ አስተያየት ግልጽ ክፍፍል ነበረው። የሌተርማን ወዳጆች ሰውየው ለማንም የማያጎበድድ፣ እንግዳውን የሚሸነቁጥ፣ በየቀኑ ያልታየ ነገር የሚፈጥር ነው ይሉ ነበር። የሌኖ ወዳጆች ደግሞ ደክሞት ወደ አልጋው ለሚሄድ ሰው የሚስማማው ቀልዱን በላይ በላዩ የሚያወርድ፣ ማንንም የማያስቀይም ሰው ነው የሚል መልስ ነበራቸው። ሃያሲዎቹ በአብዛኛው ወደ ሌተርማን አደሉ። ለሁለት ዓመታት ያህልም ቁጥሩ ከሌተርማን ጋር ነበር።

በጁላይ 1995 ሚዛኑ ተገለበጠ። እንግሊዛዊው የፊልም ተዋናይ ሂዩ ግራንት ከሴተኛ አዳሪ ጋር ተይዞ ወሬው በዓለም ሲናኝ፣ ቀደም ሲል የተያዘለትን ቀጠሮ አክብሮ ሌኖ ፊት ቀረበ። ሌኖ በዚያ ሌሊት አሸነፈ፤ ከዚያም መሪነቱን ያዘ። ተመልካቹ ምክንያቱን ሲጠየቅ የሚያነሣው ይህንኑ ሌሊት ነው።

የገበያውን የኋላ በር የሚያውቁ ግን ሌላ ምክንያት ይጨምራሉ። ሲቢኤስ የአሜሪካ እግር ኳስ ውድድር የማሳየት መብቱን በፎክስ ኩባንያ ተነጥቆ ነበር። በ1994ም በትልልቅ ከተሞች አብረውት ይሠሩ ከነበሩት ጣቢያዎች በርካታዎቹ ወደ ፎክስ ዞሩ። በአንጻሩ ኤንቢሲ በ“ሳይንፌልድ” እና በ1994 በጀመረው “ኢ.አር.” ድራማ የምሽቱን ተመልካች ሰብስቦ ይዟል። ምሽት ያንኑ ጣቢያ ሲያይ ያመሸ ሰው ዜናውን አይቶ ቀልዱንም እዚያው ይጠብቃል። ደንበኛ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ ሱቅና ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ያለ ሱቅ እኩል ሸቀጥ ቢይዙም እኩል አይሸጡም። ሌተርማን ከሌኖ ያነሰ ቀልደኛ ስለሆነ ተሸነፈ ለማለት ያስቸግራል፤ ሱቁ የቆመበት መንገድ ግን በእርግጥ ተለውጧል።

ጩኸቱ ለኮናን፣ ወንበሩ ለሌኖ

ኤንቢሲ በ2004 አንድ የውርስ ዕቅድ አወጣ። ሌኖ በ2009 ለኮናን ኦብራያን ይለቃል ተባለ። ኮናን በጁን 1 ቀን 2009 ጀመረ። ኩባንያው ግን ሌኖ ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድበት በመስጋት ከሴፕቴምበር ጀምሮ በየዕለቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የራሱን ፕሮግራም ሰጠው። ለአንድ ሰዓት ድራማ ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲተያይ ይህ እጅግ ርካሽ ነበር።

ቁጠባው ያላየው ነገር ግን ነበረ። ከሌኖ አዲስ ሰዓት ቀጥሎ የሚመጣው በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች የራሳቸውን ዜና የሚያቀርቡበትና ዋና ገቢያቸውን የሚያገኙበት ሰዓት ነው። የ4 ሰዓቱ ተመልካች ሲሳሳ የዜናው ተመልካችም አብሮ ሳሳ። ጣቢያዎቹም ተቆጡ። ኤንቢሲ በጃንዋሪ 2010 ሌኖን ወደ 5፡35 መልሶ ኮናንን ወደ 6፡05 ለመግፋት ሲሞክር ኮናን እምቢ አለ። በመጨረሻም ለእርሱና ለሠራተኞቹ በድምሩ ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ በጃንዋሪ 22 ተሰናበተ።

የሕዝቡ፣ በተለይም የወጣቱ ስሜት ከኮናን ጋር እንደነበር አያከራክርም። ስሙን የያዙ ፖስተሮች በየቦታው ተለጠፉ፤ ሰልፍም ተደረገ። ሆኖም ሌኖ በማርች 1 ቀን 2010 ተመልሶ ሲቀመጥ ብዙም ሳይቆይ የተመልካች ቁጥር መሪነቱን መልሶ ያዘ። ድምፁን ያሰማው አንዱ ወገን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሪሞቱን ይዞ የተቀመጠው ግን ሌላው ወገን ነው። ኮናን በኬብል ጣቢያ በቲቢኤስ እስከ 2021 ሠርቶ አቁሟል።

አንደኛ ሆኖ መዘጋት

ኮልቤር በሴፕቴምበር 2015 የሌተርማንን ቦታ ሲወርስ ተመልካቹ አላመነበትም ነበር። ከ2017 ጀምሮ ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕን በየሌሊቱ መተቸቱን የወደዱለት በመብዛታቸው በጠቅላላ የተመልካች ቁጥር ፋለንን አለፈ። ፋለን ጨዋታና ዘፈን ለሚፈልጉ፣ ኮልቤር ፖለቲካ ለሚፈልጉ፣ ኪመል ደግሞ ከሁለቱም ለሚቀምሱ ሆነው ገበያው ሦስት ቦታ ተከፈለ።

ነገር ግን ሦስቱ የሚካፈሉት ዳቦ ራሱ እያነሰ ሄደ። የማስታወቂያ ገበያን የሚከታተለው ጋይድላይን የተባለ ድርጅት እንዳሰላው፣ የኩባንያዎቹ የሌሊት ፕሮግራሞች የማስታወቂያ ገቢ በ2018 ከነበረበት 439 ሚሊዮን ዶላር በ2024 ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር ወርዷል። ወጣቱ በማግሥቱ በስልኩ በዩቲዩብ ቆራጭ ያያል እንጂ ሌሊት አይጠብቅም። ከቆራጩ የሚገኘው ማስታወቂያ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ያህል አይከፍልም፤ ከዚያም ላይ ዩቲዩብ ድርሻውን ያነሳል። ምልክቶቹ ቀደም ብለው ታይተዋል። ሲቢኤስ ጄምስ ኮርደን በ2023 ሲለቅ ፕሮግራሙን በርካሽ ተካው፤ የፋለን ፕሮግራምም በ2024 በሳምንት ወደ አራት ሌሊት ዝቅ አለ።

በ2025 አጋማሽ የኮልቤር አማካይ ተመልካች 2.4 ሚሊዮን ያህል ሲሆን በሰዓቱ አንደኛ ነበር። ያም ሆኖ ፕሮግራሙ በዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ይከስራል ተብሎ ተዘግቧል። ሲቢኤስም ውሳኔው የገንዘብ ብቻ ነው ብሏል።

ይህን ያልተቀበሉ ብዙዎች ናቸው። የሲቢኤስ ባለቤት የሆነው ፓራማውንት በዚያው ወር ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ጋር የነበረበትን ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ጨርሷል። ኮልቤር ይህን ክፍያ በአየር ላይ ጉቦ ብሎ በጠራው በቀናት ውስጥ የመዘጋቱ ዜና ወጣ። ኩባንያው ከስካይዳንስ ጋር ለመቀላቀል የመንግሥትን ፈቃድ እየጠበቀ ነበር፤ ፈቃዱም በጁላይ 24 ተሰጠ። ሁለቱም ወገን የየራሱን ማስረጃ ይዟል። ለነጋዴ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ሒሳቡ አትራፊ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ለመዝጋት የሚቀርበው ምክንያት እንዲህ ቀላል አይሆንም ነበር።

ተመልካቹ ኪሱን ሲያስብ

በሴፕቴምበር 2025 የኪመል ጉዳይ ተከተለ። ቻርሊ ኪርክ ከተገደለ በኋላ ኪመል በተናገረው ምክንያት የመገናኛ ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሚስተር ብሬንደን ካር ማስጠንቀቂያ ሰጡ። በየከተማው ብዙ ጣቢያዎች ያሏቸው ኔክስታርና ሲንክሌር ፕሮግራሙን አናሳይም አሉ። ኔክስታር ቴግና የተባለውን ኩባንያ በ6.2 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የኮሚሽኑን ፈቃድ ይፈልግ እንደነበር ልብ ይሏል። ኤቢሲም በሴፕቴምበር 17 ፕሮግራሙን አገደ።

በዚህን ጊዜ የተመልካቹ አስተያየት ከወሬ አለፈ። የኤቢሲ ባለቤት የሆነው ዲዝኒ ከደንበኞቹ በየወሩ ገንዘብ የሚሰበስብበት የፊልም አገልግሎት ስላለው፣ የተቆጡ ተመልካቾች ክፍያውን ማቋረጥ ያዙ፤ ሌሎችም እንዲያቋርጡ ጥሪ አቀረቡ። ኪመል በሴፕቴምበር 23 ተመለሰ። ሁለቱ ባለ ጣቢያዎች ያን ዕለት ባያሳዩትም 6.3 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። በሦስተኛው ቀን እነርሱም መለሱት። ውሳኔውን ያስለወጠው የደንበኛው ገንዘብ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የ2010ሩ የኮናን ደጋፊ ያልነበረው መሣሪያ ግን በ2025 በተመልካቹ እጅ ነበር።

ከዚህ ገበያ የሚገኘው ትምህርት ለቴሌቪዥን ሰዎች ብቻ አይደለም። ደንበኛ “ጥሩ ነው” ማለቱና መግዛቱ ሁለት ነገር ናቸው። ሸቀጡ ቢወደድም ሱቁ የቆመበት መንገድ ከተዘጋ ሽያጩ ይቆማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው “በገበያው ስንተኛ ነን?” ብሎ ሲጠይቅ “ገበያው ራሱ እያደገ ነው ወይስ እያነሰ?” የሚለውን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። በሚደርቅ ኩሬ ትልቁ ዓሣ መሆን ከድርቁ አያድንም።