ዓሣውን ማን አረደው?

«ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው። የአሁኑ የማን ነው?»

ይህን ያለችኝ እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ ይዣት የሄድኩትን ትንሽ ድንኳን ቆቦ፣ ቤታችን ግቢ ውስጥ ዘርግቼ ስፈትሽ አይታኝ ነው። «ለሽርሽር ነው፤ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት እናድርባታለን፤ ዓሣም እናጠምዳለን» ስላት ሳቋን ለቀቀችው። አልፈርድባትም። የራያ ሰው ውሃ ሲባል የሚታየው ከተራራ ወርዶ በሆርማትና በጎሊና የሚግተለተለው ጎርፍ ነው። ጎርፍ ተጠልፎ ማሽላ ያጠጡበታል እንጂ ላዩ ላይ ተቀምጠው ይዝናኑበታል እንዴ?

ውድ አንባብያን፣ በፈረንጅ ፊልም አባት፣ እናትና ልጆች ካያክ የሚሏትን ቀጭን ጀልባ መኪና ላይ ጭነው፣ ቅዳሜና እሑድን ባሕር ዳር ድንኳን ውስጥ ሲያሳልፉ አይታችሁ ይሆናል። እኛ ዛሬ ባሕር የለንም። ሐይቅ ግን አለን፣ ታንኳ አለን፣ ቤተሰብም አለን። ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው… ቤተሰቡ ላይ!

ነገሩ የሆነው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው። እህቴ ካገባች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ባሏ የተሁለደሬ ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም። በአንድ ዘር ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይገኛል፤ ለቅሶ አብሮ ይደረሳል፤ ሲደገስም ለየሃይማኖቱ ለየብቻ ይታረዳል። አባቴም ይህን ሲነቅፍ ሰምቼው አላውቅም… በሰው ቤት እስከሆነ ድረስ! የገዛ ልጁ ሃይማኖቷን ለውጣ፣ ሳትመረቅ ስትሄድ ግን በሩን ዘጋ። ሠርግ የለ፣ ድንኳን የለ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተላከበት። ሦስቴም ቡና አጠጥቶ ሸኛቸው።

እኔ ታዲያ ዘዴ ፈጠርኩ። «አባዬ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን ልሳለም ነውና አብረኸኝ ሂድ» አልኩት። ማሽላው ተወቅቶ ገብቷል፤ ጥምቀትም አልፏል፤ እሺ አለ። እህቴና ባሏ እዚያው ሐይቁ ዳር እንደሚጠብቁን ግን አልነገርኩትም።

ከቆቦ ሐይቅ ከተማ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሮቢትን፣ ጎብዬን፣ ወልድያን፣ መርሳንና ውጫሌን አልፈን ደረስን። ገዳሙ ድሮ ደሴት የነበረ፣ አሁን ግን ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ስመ ጥር ስፍራ ነው። ሴት ስለማይገባ እናቴ ውጭ ቀረች። አባቴና እኔ ተሳልመን ወጣን፤ እሱ ፊቱ በርቷል፣ እኔ ሆዴን ፈርቼዋለሁ።

ድንኳኗን ለመትከል ፈቃድ ወደጠየቅንበት ስፍራ ስንደርስ እህቴ ልጇን አዝላ ቆማለች። አባቴ አየት አደረጋት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቅዱሱን ቦታ ለተንኮልህ አደረግከው?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ጀርባውን ሰጥቶን ዱላውን ተደግፎ እስኪመሽ ውሃውን ሲያይ ቆየ።

እራቱማ የባሰ ነበር! እናቴ ከቆቦ ዶሮ ወጥ ቋጥራለች፤ እህቴም በበኩሏ የበግ ወጥ ሠርታለች። የእናቴን እነሱ አይበሉም፤ የእነሱን እኛ አንበላም። በአንዲት ድንኳን በር ላይ ሁለት ትሪ፣ በመካከሉ ዝምታ። ሕፃኑ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል።

በማግስቱ ማለዳ አማቻችን ታንኳውን አወጣ። በሣር ታስሮ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው የሚችል ታንኳ ነው። እናቴ ነገር አዋቂ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ተዉት፣ እሱ ውሃ ይፈራል» አለች። አባቴ ብድግ! ራያ ፈርቶ ያውቃል እንዴ?

አማቹ ግን ዝም ብሎ አላሳፈረውም። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን በገመድ አድርጎ ደረቱ ላይ ሊያስርለት ሲል አባቴ ቱግ አለ። «እኔን እንደ አህያ ጀሪካን ልትጭነኝ?» ልጁም ቀስ ብሎ «አባባ፣ ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እኔም የራሴን አስሬያለሁ» ብሎ አሳየው። አባቴ እጁን አነሳለት።

ከዳር ሆኜ አያቸዋለሁ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ታንኳ፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ሌላው ወደ ግራ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ናቸው። ትንሽ እንደቆዩ የአባቴ መንጠቆ ተጎተተ። ሰውየው በደስታ ብድግ አለ! ታንኳው ተንገዳገደ፤ ዱላው ውሃ ውስጥ ገባ፤ እናቴ «ጊዮርጊስ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ እስከ ዳር የተሰማ ድምፅ መጣ፦ «አባባ፣ ይቀመጡ!»

በሕይወቴ አባቴን ያዘዘ ሰው አላየሁም። አባቴ ተቀመጠ።

ልጁ ታንኳውን አረጋግቶ፣ የተንሳፈፈችውን ዱላ ተከትሎ ቀዝፎ አነሳት። ውሃውን በልብሱ ጠርጎ በሁለት እጁ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ግን አንድ ሰዓት ያህል አልተመለሱም።

ሰባት ቆሮሶ ይዘው መጡ። እኔ ደግሞ ከዳር አንድ አምባዛ አውጥቼ ስኩራራ አባቴ «ቅርፊት የሌለው አይበላም፤ መልሰው!» አለኝና መለስኩት። እህቴ ቆሮሶዎቹን ቅርፊታቸውን ፍቃ፣ ጎናቸውን ተልትላ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ በዘይት ጠበሰቻቸው። ባሏ ሲያጫውተን ቆሮሶ ራሱ ለሐይቁ እንግዳ እንደሆነ ነገረን፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በባለሙያዎች ተለቅቆ ነው እዚያው የተዋለደው።

ዓሣው በአንድ ትሪ ቀረበ። አባቴ እጁን ዘርግቶ፣ መለስ አደረገና ከልማዱ «ማን አረደው?» አለ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ዓሣ አይታረድም እኮ አባባ» አለ አማቹ። «ከውሃ መውጣቱ ይበቃዋል።»

አባቴ አሰበበት። ከዚያ ከፍ ያለውን ቁራጭ አንስቶ እሾሁን ለቀመና እህቴን አጎረሳት። ከሦስት ዓመት በኋላ! አማቹንም አስከተለ። እናቴ ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ እያለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኗን ስነቅል አባቴ አስቆመኝ። «ለእነሱ ተውላቸው» አለ። «ሳይተከልላቸው ቀርቶ ነበር።»

*

እንግዲህ እናንተም ከተኳረፈ ዘመድ ጋር እንዲህ ያለ ሽርሽር ካሰባችሁ፣ ከእኔ ስህተትም ከእኔ ዕድልም ተማሩ፦

• እንደ እኔ አትዋሹ። አባቴ እህቴን ይቅር ካለ በኋላም እኔን ለሳምንት አኩርፎኛል።

• ታንኳውን የሚቀዝፈው የአካባቢው ልጅ ይሁን። ከልኩ በላይ ሰው አትጫኑ፤ ነፋስ ከተነሳ ውጡ፤ ዓሣ ቢያዝም ባይያዝም ማንም ብድግ አይበል!

• የሕይወት ጃኬት ካገኛችሁ እሱን ልበሱ፤ ጀሪካን የእሱን ያህል አያስተማምንም፤ ከባዶ እጅ ግን ይሻላል። ሕፃን ታንኳ ላይ አታውጡ።

• ከቆላ የምትሄዱ ጋቢ ደራርቡ፤ የጥር ሌሊት ሐይቅ ዳር ያንቀጠቅጣል።

• ከሁሉ በላይ ሁሉም የሚበላውን አንድ ነገር ፈልጉ። ሽማግሌ ያልፈታውን ትሪ የሚፈታበት ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ አባቴና እናቴ የያዙትን ይዘው ወደ ደቡብ ወጡ። የማን በር ያንኳኩ ይመስላችኋል? የአማቻቸውን! ጥቂት ወራት ቆይቶ ጦርነቱ እዚያም ሲደርስ አብረው ሸሹ፤ አብረውም ተመለሱ። ያ ማለዳ ባይኖር ኖሮ አባቴ ያንን በር ያንኳኳ ነበር? እንጃ! የራያን ኩራት የሚያውቅ ይመልሰው። እኔ ግን «ቆይ ሌላ ጊዜ እናስታርቃቸዋለን» ብል ኖሮ ሌላ ጊዜው የመጣው ከጦርነት ጋር እንደነበር አውቃለሁ።

ስለዚህ በቤታችሁ የተዘጋ በር ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ። ድንኳን ብትፈልጉ ግን እኔ ዘንድ አትምጡ፤ እህቴ እስካሁን አልመለሰችልኝም!